የቀበረ አስቀድሞ ይጠጣል

«ያላየሁትን አልፈርምም።»

ሰርካዲስ ማዘንጊያ ይህችን ብላ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጥ አዳራሹ ውስጥ የነበሩት ሰባት ጓዶች ወደ እሷ ዞሩ። ሰኔ ሃያ ቀን 1976 ዓ.ም. ነው፤ ድሬዳዋ እንደ ዳቦ ቤት ትነዳለች። ግድግዳው ላይ «ተፈጥሮን በቁጥጥራችን ሥር እናውላለን» የሚል ቀይ ጨርቅ ተወጥሯል። ከጨርቁ ሥር ያለችው ቧንቧ ግን ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ጠብ አላለችም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የከተማዋ ጉድጓዶች ውሃቸው ከዓመት ዓመት ወደ ታች እየራቀ ሄዷል። ክረምት በመጣ ቁጥር ደግሞ ጎርፍ ከተራራው ይወርድና የደቻቱን ወንዝ ሞልቶ፣ አንዳንዴም ቤትና ሰው ጠራርጎ፣ በረሃ ገብቶ ይጠፋል። ይህን ጎርፍ ከላይ ይዘን መሬት ሆድ ውስጥ ብናስቀምጠውስ አሉ የውሃ ኮሚቴው ሰዎች። ከዋሂል መንደር በላይ ተራራው ላይ ሰው ሁሉ «ጉሮሮ» የሚለው፣ የመጣለትን ውሃ የሚውጥ ጉድጓድ አለ። አፉን በድማሚት ማስፋት፣ ቦይ ቀዶ ጎርፉን ወደዚያ መምራት ነው። ውሃው በኖራ ድንጋዩ ውስጥ ተጠራቅሞ በበጋ ለከተማዋ ጉድጓዶች ይደርሳል፤ ፀሐይ አያተነው፣ ከብት አያደፈርሰው። እውነቱን እንናገር ከተባለ ሐሳቡ ግሩም ነበር። ሊቀመንበሩ ጓድ ገብረወልድም «የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም የሚለውን ተረት እንሽረዋለን» እያሉ ሲፎክሩ ከርመዋል።

የቀረችው አንዲት ወረቀት ናት፣ የአካባቢ ግምገማ። የተዋጠው ውሃ የት ይወጣል? መንገድ ላይ ምን ያገኘዋል? ማን ይጠጣዋል? ወረቀቷ ለዚህ ሁሉ «ጉዳት የለውም» ብላ መልሳ ጨርሳለች። ከግርጌዋ የሰርካዲስ ስም ተተይቦ ፊርማ ይጠብቃል። ወደ ጉሮሮው ግን ከኮሚቴው አንድም ሰው ሄዶ አያውቅም።

ሰርካዲስ የሃያ ዘጠኝ ዓመት ወጣት፣ የውሃ ባለሙያ ናት። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ጊዜ ሳታይ ፈርማለች። ቆላው ውስጥ ለአርብቶ አደሮች የሚቆፈር ጉድጓድ ነበር፤ ካርታ ብቻ አይታ፣ አለቃዋን ፈርታ ፈረመች። ውሃው ጨው ሆኖ ወጣ። ወረቀቱን አምነው ከነመንጋቸው እዚያ የሰፈሩት ሰዎች ግልገላቸው አለቀ። አባቷ ማዘንጊያ ዕድሜያቸውን በሙሉ የባቡር ሐዲድ ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ነበሩ፤ «ሐዲዱን በእግርሽ ሳትሄጂበት ባቡር አትልቀቂ» ይሏት ነበር። ያን ጊዜ አልሰማቻቸውም። ዛሬ እሳቸው የሉም፣ ቃላቸው ግን ጆሮዋ ላይ ቀርቷል።

ጓድ ገብረወልድ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ከዚያም ኮሚቴው ሰኔ ሃያ ዘጠኝ ጠዋት በሦስት ሰዓት እንደሚሰበሰብ፣ ድማሚት የጫነው መኪና በማግስቱ እንደሚወጣ፣ እሷ በሰዓቱ ካልተገኘች ሌላ ሰው እንደሚፈርም ነገሯት። ስለ እሷም ለብቻው ስብሰባ ይደረጋል አሉ። በዚያ ዘመን ይህ አነጋገር ምን ማለት እንደሆነ ማንም አስረጂ አያስፈልገውም ነበር።

በማግስቱ ገና ጎህ ሲቀድ ከመጋላ ሰፈር ወጣች። የያዘችው የይለፍ ወረቀት፣ ሃምሳ ሜትር ገመድ፣ የአባቷን የካርባይድ ፋኖስና ሁለት ኪሎ ቀለም ነው። ቀለሙ ዱቄት ነው፤ ሲያዩት እንደ በርበሬ ቀይ፣ ውሃ ሲነካው ግን እንደ ለጋ ሣር አረንጓዴ ይሆናል። ሰውም ከብትም አይጎዳም። ጉሮሮው ላይ ይጨመራል፤ ውሃው በወጣበት ሁሉ አረንጓዴ ሆኖ ራሱን ያጋልጣል። መንገድ የሚመራት ዱዓሌ የሚባል ስልሳ ዓመት ያለፈው ግመለኛ ነው፣ ሁለት ግመሎች አሉት። «አዴር» ትለዋለች፣ አጎቴ እንደማለት። አንቱታ የለም፤ ድሬ ላይ ሰው የሚከበረው በአንተ ነው።

ኬላው ላይ ወታደሩ የይለፍ ወረቀቱን ገልብጦም አቅንቶም አየው። ሴት ልጅ ተራራ ላይ ምን ትሠራለች ብሎ ዱዓሌን ጠየቀ። ዱዓሌም ጉድጓድ ልታይ ነው አለው። ወታደሩ ሳቀና አሳለፋቸው፤ እንዲህ ዓይነት ውሸት ሰምቶ አያውቅም መሰለኝ። በቢዮ አዋሌ አልፈው፣ ዋሂል አድረው፣ ውሃና ስንቅ ጭነው በሦስተኛው ቀን ወደ ተራራው ጠባብ ገደል ገቡ።

እዚያ ነው የመጀመሪያው ጣጣ የመጣው። ሰማዩ ከላያቸው ጥርት ብሏል፣ የሸለቆው አሸዋ እግር ያቃጥላል። ፊት ፊት የምትሄደው ግመል ድንገት ቆመች። ዱዓሌ ጎተታት፣ አልንቀሳቀስ አለች። ጎንበስ ብሎ መዳፉን መሬት ላይ አደረገ፣ ከዚያ ምንም ሳይናገር ሰርካዲስን በክንዷ ይዞ ወደ ገደሉ ግድግዳ ወረወራት። በጥፍሯ ቧጥጣ ወጣች። ከላይ፣ እነሱ በማያዩት ተራራ ላይ፣ ዝናብ ጥሎ ኖሯል። ጎርፉ ግንድና ድንጋይ እያንከባለለ እንደ ግንብ ቆሞ መጣ። ፊት የነበረችውን ግመል ዱዓሌ ገመዷን ይዞ ዳገቱ ላይ አወጣት። የኋለኛዋን፣ ውሃና ስንቅ የጫነችውን፣ ጎርፉ አንዴ አገላብጦ ወሰዳት። ሽማግሌው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ስሟን እየጠራ አለቀሰ፤ ከጥጃነቷ ጀምሮ ያሳደጋት ነበረች።

ሰርካዲስ እንመለስ ማለት አልቻለችም፣ ወደፊትም ማለት አፈረች። ዱዓሌ ነው ዓይኑን በሽርጡ ጫፍ ጠርጎ የተነሳው።

የኖራ ድንጋይ አገር መልኩ ክፉ ነው። ጎርፍ ያልፍበታል እንጂ ኩሬ አያስቀምጥም፤ የዘነበበትን ሁሉ በስንጥቁ ይውጠዋል። ከጎርፉ በሻሿ አጥልላ የቀዳችው ጭቃ ውሃ በማግስቱ ጠዋት አለቀ። አምባው ላይ ሲወጡ ፀሐይዋ ከላይ፣ ነጩ ድንጋይ ከታች ጠበሷቸው። ምላሷ አፏ ውስጥ አብጦ እንደ ሌላ ሰው ምላስ ሆነባት። እግሯ ሲከዳት «ከእግራችን ሥር ውሃ አለ እኮ አዴር» አለችው፤ እሱም አዎ፣ አለ፣ ችግሩ እኛ ከላይ መሆናችን ነው አላት። ሳቁ። ሳቁ ራሱ ጉሮሮ ይቀድ ነበር።

ቀትር ሲቃረብ ዱዓሌ አንድ የደረቀ ቦይ ውስጥ ሦስት ድንጋዮች በመስመር ተደርድረው አራተኛው ከመካከለኛው ላይ ተቀምጦ አየ። ተንበርክኮ አሸዋውን በእጁ ዛቀ። እስከ ክርኑ ሲደርስ በፍየል ቆዳ የተጠቀለለ ጀሪካን ነካ። ከጅቡቲ ዕቃ የሚያመላልሱ ነጋዴዎች ለመልስ ጉዟቸው የቀበሩት ውሃ ነው። ሰርካዲስ እጇ ሊነጥቀው ተዘረጋ። ዱዓሌ ግን አስቀድሞ ከግመሏ ገመድ ላይ ቁራጭ ቆርጦ በራሱ አቋጠር ቋጠረና ጉድጓዱ ውስጥ አኖረ።

«የተቀበረ ውሃ ሕግ አለው» አላት። «የጠጣ ሰው ምልክቱን ጥሎ ይሄዳል። ምልክት ከጣለ የባለውሃው እንግዳ ነው፣ ደሙ አይፈስም። ካልጣለ ሌባ ነው። ባለቤቱም ሕግ አለበት። የቀበረውን አውጥቶ ለሰው ሲሰጥ አስቀድሞ ራሱ ይጠጣል። መሬት ውስጥ የከተተውን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነዋ።»

ሰርካዲስ ግማሽ ጣሳ ጠጣች፣ ትንሽ ቆይታ ሌላ ግማሽ። ከኮሚቴው ወረቀት ይሄ ሕግ ይሻላል ብላ አሰበች። የቀረውን ውሃ መልሰው ቀበሩት።

አሥር ሰዓት ገደማ ጉሮሮው ጋ ደረሱ። ከላይ ከቁጥቋጦ ውስጥ ክረምት ከበጋ የማይደርቅ ቀጭን ውሃ ይመጣና ጥቁሩ ጉድጓድ አፍ ላይ ሲደርስ ይሰወራል። ጎንበስ ብለው ሲያዳምጡ ከታች ሲንቆረቆር ይሰማል። ዱዓሌ ገመዱን ግመሏ ላይ አሰረ። ሰርካዲስ ጫፉን ወገቧ ላይ ጠምጥማ፣ ፋኖሷን ለኩሳ፣ ቀለሙን በጀርባዋ አዝላ ወረደች።

አሥራ አምስት ሜትር ያህል ወርዳ እግሯ አንድ እርከን እንደነካ ከቀኝ በኩል ሽታ መጣባት፣ የአውሬ ሽታ። ፋኖሱን ስታዞር ሁለት ዓይኖች አበሩባት። ነብር ነው። ውሃ ሊጠጣ ገብቶ መውጫውን እሷ ዘግታበታለች። ጆሮውን ወደ ኋላ ለጥፎ ጥርሱን አሳያት። አባቷ አውሬ ሐዲድ ላይ ሲያገኙ መንገድ ስጡት፣ ብርሃን አሳዩት ይሉ እንደነበር ትዝ አላት። ከግድግዳው ጋር ተጣብቃ መንገዱን ለቀቀችለት፣ የፋኖሱንም ነበልባል በክንዷ ልክ ወደፊት ዘረጋች። ነብሩ ተወነጨፈ። ጥፍሩ የትከሻዋን ቆዳ ከሸሚዙ ጋር ቀዶ አለፈ፣ በድንጋዩ ላይ ሁለቴ ዘሎ ወደ ብርሃኑ ወጣ። ከላይ ግመሏ ስትጮኽ፣ ዱዓሌም በሶማልኛ ሲራገም ተሰማት። እሷ የተቀደደውን ሸሚዝ ትከሻዋ ላይ አጥብቃ መውረዷን ቀጠለች።

ከታች ዋሻው እንደ ባቡር ጣቢያ አዳራሽ ሰፋ። ውሃው በመሐሉ ይፈሳል፤ ከውሃው አንድ እርምጃ ከፍ ብሎ ደረቅ መደብ አለ። መደቡ ላይ ጀሪካን ተደርድሯል፣ በጀሪካን ላይ ጀሪካን፣ እስከ ጥጉ። ልትቆጥር ፋኖሱን ከፍ ስታደርግ ሽታው አፍንጫዋን መታት። ቤንዚን ነው፣ አንዳንዱም ያንጠባጥባል። እጇ ላይ ደግሞ እሳት አለ። ነበልባሉን በመዳፏ አፈነችው፤ ቆዳዋ ሲጠበስ ጥርሷን ነከሰች። ጨለማው ውስጥ ቆማ ነገሩ ሁሉ ገባት። ድማሚቱ እዚህ ላይ ቢፈነዳ ተራራው ይነዳል። ባይነድ እንኳ ጎርፉ ገብቶ ይህን ሁሉ ጠራርጎ ይወስደዋል። «ጉዳት የለውም» ያለችው ወረቀት ድሬዳዋን ቤንዚን ልታጠጣ ነበር።

በዚህ ጊዜ ከላይ የብዙ ሰው ድምፅ መጣ፤ የዱዓሌም ድምፅ ቁጣ ይዞ ተሰማና ተቋረጠ። ባለቤቶቹ መጥተዋል። ሰርካዲስ ሌላ ዕድል አላገኝም ብላ ፈራች። ለሙከራው ግማሽ ኪሎ ይበቃ ነበር። እሷ ግን በዳበሳ ከረጢቱን ቀዳ ሁለቱንም ኪሎ ውሃው ውስጥ ዘረገፈችው። ይህ ስህተቷ በኋላ ነፍሷን ሊያስከፍላት ነበር።

በገመዱ ጎትተው አወጧት። ስድስት ሰዎች ናቸው፣ ጠመንጃ ይዘዋል። አለቃቸው ወርሳሜ የሚባል፣ አርባ ዓመት የሚሆነው፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ቀጭን ሰው ነው። ዱዓሌን አንበርክከውታል። ወርሳሜ አንዲት የገመድ ቁራጭ ከኪሱ አውጥቶ የግመሏ ገመድ ላይ ካለው ቋጠሮ ጋር አስተያያት።

«ውሃዬን የጠጣችሁት እናንተ ናችሁ?»

«እኛ ነን» አለ ዱዓሌ። «ምልክታችንን ጥለናል።»

ከሰዎቹ አንዱ ዋሻውን አይተዋልና ይገደሉ አለ። ወርሳሜ ቋጠሮውን ሲያገላብጥ ቆይቶ፣ ውሃዬን የጠጣ እንግዳዬ ነው፣ ግን ዕቃዬን እስካሸሽ ድረስ እንግዳነቱ ይረዝማል አለ። አንድ ወር ሊሆን ይችላል። ሰርካዲስ አራት ቀን ብቻ እንዳላት ልትነግረው ሞከረች። እሱ ግን በርካታ ሰው ችግሩን ሲነግረው የኖረ ሰው ስለሆነ አልሰማትም። ከእሱ ጋር ያሉት ግመሎች ጀሪካን እንደጫኑ፣ ምርኮኞቹን መሐል አድርገው ወደ ሰሜን፣ ወደ ቆላው፣ እናቱ ወደሰፈረችበት ምንጭ ወረዱ።

ሁለት ቀን ተኩል ተጓዙ። ነፋሱ አሸዋ ይዞ ፊት ይላጫል፣ የቆሰለው ትከሻዋ ያቃጥላታል። ሰርካዲስ እግሯን እያነሳች ቀን ትቆጥር ነበር፤ ሃያ አምስት፣ ሃያ ስድስት። ዱዓሌ «አብሽሪ ልጄ» ይላታል፣ የራሱ ከንፈር ተሰንጥቆ እየደማ። ሰኔ ሃያ ሰባት ረፋዱ ላይ ምንጩ ዳር የቆመውን የግራር ዛፍ አናት ያዩ ጀመር። ከግራሩም በፊት ጩኸቱን ሰሙ።

ምንጩ አረንጓዴ ሆኗል። የሣር ቅጠል አረንጓዴ እንኳ አይደለም፤ ዓይን ይወጋል። ሁለት ኪሎ ነዋ። ሴቶች ባዶ እንስራና ጀሪካን ይዘው ቆመዋል፣ ወንዶች የተጠሙትን ፍየሎች በዱላ እየመለሱ ነው፣ ሕፃናት ያለቅሳሉ። ከትናንት ማታ ጀምሮ ማንም አልጠጣም። ምንጩ ተመርዟል፣ የመንግሥት ሰዎች መርዘውታል ይላሉ። ወርሳሜ ሰርካዲስን ዞር ብሎ አያት፣ ቀዩ ዱቄት የነካውን እጇንም አየ። ላቧ ያረጠበው መዳፏ ውስጥ አረንጓዴ መስመር ነበር። ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ።

መካድ ትችል ነበር። ለአንድ ትንፋሽ ያህል አስባውም ነበር። «እኔ ነኝ» አለች። «ቀለም ነው እንጂ መርዝ አይደለም። ከተራራው ላይ እኔ ጨመርኩት።»

ሰዉ ሊያንቃት ተንደረደረ። አንዲት ረዥም አሮጊት ምርኩዟን አነሳች፣ ሁሉም ቆመ። የወርሳሜ እናት ዳሃቦ ናት። ወደ ሰርካዲስ ቀረብ ብላ፣ ሰርካዲስ በሚገባት ሶማልኛ ቀስ ብላ ተናገረች። ከሁለት ዓመት በፊትም የቢሮ ሰው ወረቀት ልኮልን ነበር፣ አምነን ሄደን ጨው ጠጣን፣ አርባ ግልገል ቀበርኩ አለች። ያንን ወረቀት የፈረመውን እጅ ባገኘው አለች።

«ኤዶ ዳሃቦ» አለች ሰርካዲስ፣ አክስቴ እንደማለት፤ «ያ እጅ ይሄ ነው» ብላም የተቃጠለውን መዳፏን ዘረጋች። «ሳላይ ፈረምኩ። ዘንድሮ ሳላይ አልፈርምም ብዬ ነው በእግሬ የመጣሁት።»

ዳሃቦ መዳፏን ይዛ ቁስሉን አገላብጣ አየች። ያኔ ሰርካዲስ ዱዓሌ ያስተማራትን ሕግ አሰበች። ጣሳ ለመነች። ምንጩ ዳር ተንበርክካ ሞልታ ቀዳችና ጨለጠችው። ሁለተኛ ቀዳች። ሦስተኛም። አረንጓዴው በአገጯ ላይ ወረደ። ዳሃቦ ከግራሩ ጥላ ሥር አስቀመጠቻት፣ ጥላውም ጫፉ ያለበትን ቦታ በምርኩዟ አሰመረች። ጥላው ከመስመሩ አንድ ክንድ እስኪርቅ ሁሉም ሰው ይህችን ሴት ትሞታለች ወይስ አትሞትም ብሎ ቁጭ ብሎ አያት። ሰርካዲስ አልሞተችም። እንዲያውም ርቧት ነበር። ዳሃቦ በመጨረሻ እጇን አወዛወዘች፣ ፍየሎቹ ምንጩ ላይ ተረባረቡ።

ሰርካዲስ ተነሳች። አሁን የምትናገረው ነገር የሚያስከፍላትን አውቃለች፤ ወርሳሜ እዚያው ቆሟል።

«ይህ ቀለም የገባው ጉሮሮው ውስጥ ነው። ሦስት ቀን ሳይሞላው እዚህ ደረሰ። ጉሮሮው ውስጥ የገባ ሁሉ እዚህ ይደርሳል ማለት ነው። እኔ የቀበርኩትን አስቀድሜ ጠጥቻለሁ። እዚያ ዋሻ ውስጥ ከእኔ በፊት የቀበረ ሰው አለ። እሱም ይጠጣ።»

ወርሳሜ አልተንቀሳቀሰም። ዳሃቦ ልጇን አየችው፣ ከግመሎቹ ላይ ያልወረደውን ጭነት አየችው። ሄደች፣ የአንዱን ጀሪካን ክዳን ፈትታ በዚያችው ጣሳ ቀዳች። የቤንዚኑ ሽታ እስከ ግራሩ መጣ። ጣሳውን በሁለት እጇ ይዛ ልጇ ፊት ቆመች።

«ጠጣ» አለችው።

ያ ስድስት ጠመንጃ የሚያዘው ሰው እናቱ ፊት አንገቱን ደፋ። ጣሳውን ተቀብሎ አሸዋው ላይ አፈሰሰው፣ ጠመንጃውንም እግሯ ሥር አስቀመጠ። ጎርፍ ሳይመጣ ዋሻው ባዶ ይሆናል ብሎ በውሃው ማለ። ሰርካዲስም ስሙን ለማንም ላትናገር ማለች፤ ውሃውን ጠጥታለችና።

ሰኔ ሃያ ስምንት ቀን ወርሳሜ ራሱ ግመል ላይ አስቀምጦ እስከ ሐዲዱ ሸኛት። ዱዓሌ ደክሞታልና ከዳሃቦ ሰዎች ጋር ቀረ፣ አንዲት ነጭ ጥጃ ግመልም በጠፋችበት ፈንታ ተሰጥታው ሲያሻሻት ነበር የተለያዩት። ባቡሩ በዚያ ቀን አያልፍም። ሐዲድ ጠጋኞች ግን በእጅ የሚገፋ ጋሪያቸውን ይዘው ወደ ድሬ ሲመለሱ አገኘቻቸው። መጀመሪያ አንወስድሽም አሉ፤ ሴት፣ የተቀደደ ሸሚዝ፣ አረንጓዴ አገጭ፣ ማን ያምናል? የማዘንጊያ ልጅ ነኝ ስትላቸው ግን ሽማግሌው ጠጋኝ አባቷ ያስተማሩት ሰው ኖሮ ቦታ ለቀቀላት። ተራ በተራ ገፉ፣ እሷም በቆሰለ እጇ ገፋች። አድረው፣ ሲነጋ የድሬዳዋ ጣራዎች ታዩ።

ሦስት ሰዓት ካለፈ አምስት ደቂቃ ነበር አዳራሹ የገባችው። እስክሪብቶው የሌላ ሰው እጅ ላይ ነው። «ቆይ» አለች፣ በበረሃ አቧራ ተለብጣ፤ ከምንጩ የቀዳችውን ጠርሙስ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ዋሻው ውስጥ ነዳጅ እንደነበረ፣ ውሃው በሦስት ቀን ከአርብቶ አደሮቹ ምንጭ እንደሚደርስ ተናገረች። ጓድ ገብረወልድ ማን ነው ነዳጁን ያስቀመጠው አሉ። ለእሱ አልተላክሁም አለቻቸው። ሊቆጡ አፋቸውን ሲከፍቱ በሩ ተበረገደ።

የከተማው ጉድጓድ ጠባቂ ሙመድ ነው፣ ባልዲ ይዟል፣ ፊቱ አመድ መስሏል። ባልዲው ውስጥ ያለው ውሃ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ነው። ጸረ አብዮተኞች ጉድጓዱን መርዘውታል ብሎ ሲጮኽ ወንበሮች ተገለበጡ፣ አንዱ ጓድ ወደ ስልኩ ሮጠ።

ሰርካዲስ ሳቀች። ከዘጠኝ ቀን በኋላ የመጀመሪያዋ ደስታ ነበረች፣ እንባም ይዛ መጣች። ውሃው ድሬም ደርሷል! የተራራው ሆድ ለቆላውም ለከተማውም ያካፍላል፤ ሐሳቡ ይሠራል። ሁለት ብርጭቆ ከባልዲው ሞላች። ቀለሙን የጨመርኩት እኔ ነኝ ብላ አንዱን ቆማ ጨለጠች፣ ሌላውን በሊቀመንበሩ ፊት ገፋ አደረገችው።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ውሃ መሬት ውስጥ የሚቀብሩ ሰዎች ሕግ አላቸው። የቀበረ አስቀድሞ ይጠጣል። እርስዎ ለሕዝቡ ሊቀብሩ ነው። ይህን መጠጣት ከፈሩ ያንን ወረቀት አያስፈርሙ።»

ገብረወልድ ብርጭቆውን አዩ። ክፉ ሰው አልነበሩም፣ የሚቸኩሉ ሰው ነበሩ። አነሱት፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ጠጡት። ከንፈራቸው አረንጓዴ ሆነ። መጀመሪያ የሳቀው ሙመድ ነው፣ ከዚያ ሰባቱም ሳቁ። በዚያ አዳራሽ እንደዚያ ዓይነት ሳቅ ከዚያ በፊት ተሰምቶ አያውቅም።

ወረቀቷ ተቀደደች። በአዲሱ ወረቀት ድማሚት ቀረ። ጎርፉ በአሸዋ ኩሬዎች አርፎና ጠርቶ ብቻ እንዲገባ፣ ዋሻው በየዓመቱ ከክረምት በፊት በሰው ዓይን እንዲታይ፣ ከአርብቶ አደሮቹም አንድ ሰው አብሮ እንዲፈርም ተጻፈ። ሰርካዲስ ሐምሌ አጋማሽ ላይ ከዱዓሌ ጋር ተመልሳ ወረደች፤ ዋሻው ተጠርጎ፣ መደቡ ባዶ ሆኖ አገኘችው። ያን ጊዜ ፈረመች።

ቦዩና ኩሬዎቹ በዚያው ክረምት ተሠርተው፣ ጥቅምት ላይ የድሬ ጉድጓዶች ውሃ አራት ሜትር ወጣ። ሰርካዲስ ወደ ቆላው ሄደች። ምንጩ ከግራሩ ሥር አልፎ ሁለተኛ ገንዳ ሞልቷል፣ ጥርት ብሏል። የዳሃቦ ሰዎች መንጋቸውን ይዘው በሰልፍ ቆመው ነበር፣ ማንም ግን አልጠጣም። ሰርካዲስ ልቧ ደነገጠ፤ ምን ሆናችሁ፣ ውሃው ምን ሆነ ብላ ጠየቀች።

ዳሃቦ ያችን ጣሳ ከምንጩ ሞልታ አመጣችላት።

«ምንም አልሆነም» አለቻት። «የቀበረችው እስክትመጣ እየጠበቅን ነው።»